ክኒኑን ትተው የሙኩና ዱቄት ይውሰዱ? ስለ ፓርኪንሰን ለቀረበ ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ፓርኪንሰን ነው ከተባሉ አምስት ዓመት ሆናቸው። ሌቮዶፓና ካርቢዶፓ ያለበትን ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስዳሉ። መጀመሪያ ላይ ተአምር ነበር። አሁን የጠዋቱ ቶሎ ያልቅባቸዋል። ከምሳ በኋላ የሚውጡት ደግሞ ጭራሽ የሚሠራ አይመስልም። አንድ ዘመዳችን ሙኩና የሚባል የፍሬ ዱቄት አምጥቶ ‹ይሄ ተፈጥሯዊ ነው፣ ጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነው፣ ኬሚካሉን ይተዉት› አላቸው። አጎቴ በበኩሉ ስቴም ሴል የሚሰጥ የውጭ ክሊኒክ ኢንተርኔት ላይ አግኝቶ ገንዘብ እናዋጣ እያለ ነው። ማንን እንስማ? በዚያውም፣ በሽታው ወደ እኛ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናወራዋለን። አንዱን ግን አሁኑኑ ልበልሽ። አባትሽ ክኒኑን በአንድ ጊዜ እንዳያቆሙ። ሌቮዶፓን ድንገት ማቋረጥ ሰውነትን ግትር አድርጎ ሊያደርቅ፣ ከፍተኛ ትኩሳትና መቃዠት ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን ሆስፒታል ያስተኛል፣ ሕይወትም ያጠፋል። የዱቄቱ ክርክር ከዚህ በኋላ ይምጣ።

አሁን ወደ ዱቄቱ። በሙኩና ፍሬ ውስጥ ያለው ዋናው የሚሠራ ነገር ሌቮዶፓ ነው። ክኒኑ ውስጥ ያለውም ሌቮዶፓ ነው። ይመሳሰላሉ ማለቴ አይደለም፣ አንድ ናቸው። ከፍሬ ይውጣ ከፋብሪካ፣ አንጎል አይለየውም። ዘመዳችሁ «ይሠራል» ሲል ልክ ነው። «ኬሚካሉን ይተዉት» ሲል ነው የተሳሳተው፣ ምክንያቱም ያመጣው ያንኑ ኬሚካል ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ሊከራከርበት የሚገባው ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት፣ ከምን ጋር በሚለው ላይ ነው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ራሱ ከዕፅዋት የተጀመረ ነው። ትንሽ ልንገርሽ፣ ለኋላው ይጠቅመናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጄምስ ፓርኪንሰን በ1817 ለንደን ውስጥ ስድስት ሰዎችን መሠረት አድርጎ በሽታውን ሲገልጽ ማንም መድኃኒት አልነበረውም። በ1913 ማርከስ ጉገንሃይም የሚባል በስዊዘርላንድ ባዝል ይሠራ የነበረ ኬሚስት ሌቮዶፓን ከባቄላ ለይቶ አወጣው። ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሁለት ግራም ተኩል ራሱ ዋጠ። አስመለሰው። ነገሩም እዚያው ቀረ። በ1937 ሕንድ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ያንኑ ንጥረ ነገር ከሙኩና አወጡት። አሁንም ከፓርኪንሰን ጋር ያገናኘው ሰው አልነበረም።

ያገናኘው ሌላ የባህል መድኃኒት ነው። ሕንድ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ከኖረ ራውወልፊያ ከሚባል ተክል ሪዘርፒን የሚባል መድኃኒት ወጣ። ለደም ግፊትና ለአእምሮ ሕመም ይሰጥ ነበር። ከወሰዱት አንዳንዶቹ ግን ልክ እንደ ፓርኪንሰን ታማሚ ይደርቁ ጀመር። ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሰን በ1957 ሪዘርፒን ለጥንቸሎች ሰጠ። ጥንቸሎቹ ፍዝዝ ብለው ቀሩ። ከዚያ ሌቮዶፓ ወጋቸው። በሩብ ሰዓት ገደማ ተነሥተው መንቀሳቀስ ጀመሩ። ዶፓሚን የሚባለው በአንጎል ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ከእንቅስቃሴ ጋር ያለው ቁርኝት የታየው ያኔ ነው። ካርልሰን በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1960 ቪየና ውስጥ ኦሌህ ሆርኒኪየቪች የሞቱ ታማሚዎችን አንጎል መርምሮ ዶፓሚኑ ክፉኛ እንደጎደለ አሳየ። በዓመቱ ከቫልተር ቢርክማየር ጋር ሌቮዶፓን ለታማሚዎች በደም ሥር ሰጡ። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። ግን ብዙም አይቆይ፣ ሆድም ይረብሽ ነበር። ቁልፉን ያገኘው ኒውዮርክ ውስጥ ጆርጅ ኮትዚያስ ነው፣ በ1967። ያደረገው በጣም ቀላል ነገር ነበር። ከትንሽ ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ መጠኑን ጨመረ። ጉገንሃይምን ያስመለሰው ነገር በቀስታ ሲሰጥ ሰውነት ለመደው።

ዶፓሚን ከጎደለ ዶፓሚን ራሱ ለምን አይሰጥም? ወደ አንጎል አያልፍም። ሌቮዶፓ ግን ያልፋል፣ እዚያም ዶፓሚን ይሆናል። ችግሩ አንጎል ሳይደርስ በሆድና በደም ውስጥ አብዛኛው ተለውጦ ያልቃል። ማቅለሽለሹና ሲነሡ የሚያዞረው ነገር የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው። አባትሽ የሚወስዱት ክኒን ውስጥ ያለው ካርቢዶፓ ሥራው ይህንን መከልከል ነው። እሱ ራሱ አንጎል አይገባም። ሌቮዶፓው ግን ሳይባክን እንዲደርስ ያደርጋል። ካርቢዶፓ ሲጨመር የሚያስፈልገው ሌቮዶፓ በሦስት አራተኛ ገደማ ይቀንሳል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ የተለመደ ክኒን 100 ሚሊግራም ሌቮዶፓ እና 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓ አለው እንበል። ካርቢዶፓ በሌለበት ያንኑ ውጤት ለማግኘት ወደ 400 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ያስፈልጋል። የሙኩና ፍሬ ከክብደቱ ከ4 እስከ 6 በመቶ አካባቢ ሌቮዶፓ ነው ይባላል። አምስት በመቶ ብንይዝ 8 ግራም ዱቄት ማለት ነው፣ ለአንድ ክኒን ምትክ። ከዘመዳችሁ ዱቄት ውስጥ በመቶ ስንት እንዳለ የሚያውቅ አለ? የለም። እንደ ዝርያው፣ እንደ አፈሩ፣ እንደ አዘገጃጀቱ ይለያያል። ታሽገው የሚሸጡትም ሲመረመሩ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ብዙ ጊዜ አይገናኝም።

ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ብዙ ሰው ክኒኑን አይተውም። ክኒኑን እየዋጠ «ለድጋፍ» ብሎ ማንኪያ ዱቄት ይጨምርበታል። ያኔ የክኒኑ ካርቢዶፓ የዱቄቱንም ሌቮዶፓ ይጠብቀዋል። ለብቻው ቢሆን እንደ አንድ ክኒን ይሠራ የነበረው 8 ግራም ዱቄት አሁን የብዙ ክኒኖችን ያህል ሊሆን ነው። ውጤቱ ሰውነት በራሱ ጊዜ መወራጨት፣ ሲነሡ መውደቅ፣ የሌለ ሰው ማየት ነው። ቤተሰቡም «በሽታው ባሰባቸው» ብሎ ሌላ ማንኪያ ይጨምራል። እባክሽ ይህን እንዳታደርጉ። አድርጋችሁት ከሆነም ሳትደብቁ ለሐኪማቸው ንገሩ። ሐኪም ስለ ባህል መድኃኒት ሲሰማ ይቆጣል ብሎ መደበቅ የተለመደ ነው። ያልተነገረው ሐኪም ደግሞ የክኒኑን መጠን በተሳሳተ ግምት ይለውጣል።

ጥናቱስ ምን ይላል? ሙኩናን ማናናቅ አልፈልግም፣ በደንብ ተፈትኗል። በ2004 ለንደን ውስጥ በስምንት ታማሚዎች ላይ በተደረገ ሙከራ 30 ግራም የሙኩና ዝግጅት ከክኒኑ ፈጥኖ ሠራ። በ35 ደቂቃ ገደማ ማለት ነው፣ ክኒኑ 69 ደቂቃ ገደማ ሲወስድበት። ትንሽም ቆየ። በ2017 ቦሊቪያ ውስጥ በ18 ታማሚዎች ላይ የተቆላ የፍሬ ዱቄት ለአንድ ጊዜ ብቻ ተሰጥቶ ከክኒኑ እንደማያንስ ታየ። እዚህ ድረስ ስታነቢ ዘመዳችሁ የረታ ይመስላል። ግን ያው የተመራማሪዎች ቡድን ቀጥሎ 14 ሰዎችን በየቀኑ ለሳምንታት እያስወሰደ ሞከረ። ግማሾቹ አቋረጡ። አራቱ ሆዳቸው አልቻለውም፣ ሦስቱ እንቅስቃሴያቸው ባሰ። አንድ ቀን መሥራትና በየቀኑ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፓርኪንሰን ደግሞ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

እነዚያ ተመራማሪዎች ለምን ይህን ሁሉ ደከሙ ብትይ፣ ክኒኑ የማይገኝበት ወይም የማይገዛበት ብዙ ቦታ ስላለ ነው። ክኒን ጨርሶ ለሌለው ሰው ሐኪም እየተከታተለው የሚወሰድ ሙኩና ከምንም ይሻላል። ይህ የኔም አቋም ነው። አባትሽ ግን ክኒኑን ያገኛሉ።

ክኒኑ ታዲያ ለምን አልሠራ አለ? እኔ በበኩሌ ከደብዳቤሽ ሁሉ የያዝኩት «ከምሳ በኋላ የሚውጡት» የምትለዋን ቃል ነው።

ሌቮዶፓ አሚኖ አሲድ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬ ስንበላ ፕሮቲኑ ተሰባብሮ የሚሆነውም አሚኖ አሲድ ነው። ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚያሻግራቸው መንገድ አንድ ነው። ጠባብ በር ላይ ሕዝብ ሲጋፋ አንዱ ደጅ እንደሚቀረው፣ ሌቮዶፓው ከምሳው ጋር ተጋፍቶ ይቀራል። በዚያ ላይ በፓርኪንሰን ሆድ ራሱ ሥራው ይዘገያል፣ ምግብ ሆድ ውስጥ ይቆያል። ሌቮዶፓ የሚመጠጠው ደግሞ ከሆድ ካለፈ በኋላ በትንሹ አንጀት ነው። ክኒኑ ምሳው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ነጻ ነው። ክኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በሙሉ ብርጭቆ ውሃ። ባዶ ሆድ ካቅለሸለሻቸው ፕሮቲን የሌለው ትንሽ ነገር፣ ለምሳሌ ደረቅ ብስኩት፣ አብረው ይቅመሱ። ፕሮቲን ጭራሽ አይከልከሉ፣ እነዚህ ሰዎች እንዲያውም ይከሳሉ። ብዙውን ፕሮቲን ወደ ማታ ማዛወር ለአንዳንዶች በደንብ ይሠራል። ለደም ማነስ የብረት ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ይለዩት። ብረት ሌቮዶፓን ይዞ ያስቀረዋል።

ሁለተኛው ሥራ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ለሦስት ቀን ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ቃል ጻፊ። «ጥሩ»፣ «ደረቁ» ወይም «ተወራጩ»። ከጎኑ ክኒን የዋጡበትንና የበሉበትን ሰዓት። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል። 1፡00 ዋጡ፣ 1፡30 ደረቁ፣ 2፡00 ጥሩ፣ 4፡30 ጥሩ፣ 5፡00 ደረቁ፣ 6፡30 ምሳ በሉ፣ 7፡00 ዋጡ፣ 8፡30 አሁንም ደረቁ። ይህን ያየ የነርቭ ሐኪም ሌላ ምርመራ ሳያስፈልገው ሁለት ነገር ይረዳል። የጠዋቱ ክኒን ለሦስት ሰዓት ብቻ እየቆየ ነው፣ የምሳው ደግሞ ከነጭራሹ አልገባም። እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ሳይ ደስ ይለኛል። «አንዳንዴ ደህና ናቸው፣ አንዳንዴ አይደሉም» ከሚለው ብዙ ይበልጣል።

የጠዋቱ ቶሎ ማለቁ ሌላ ምክንያት አለው። ሌቮዶፓ በደም ውስጥ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ግማሹ ያልቃል። ፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚሠሩትን የአንጎል ሴሎች ይገድላል። በሽታው ሲጀምር የተረፉት ሴሎች ያገኙትን አጠራቅመው ቀስ እያሉ ያወጡት ስለነበር አይታወቅም። ሴሎቹ ሲያልቁ ማከማቻው ይጠፋል። ያኔ አንጎል ከክኒን ክኒን ነው የሚኖረው። መፍትሔው ብዙ ጊዜ መጠን መጨመር ሳይሆን ማቀራረብ ነው። በቀን ሦስቱ አራት ወይም አምስት ይሆናል። ወይም የሌቮዶፓን ሥራ የሚያራዝሙ እንደ ኢንታካፖንና ራሳጊሊን ያሉ መድኃኒቶች ይጨመራሉ። እንደ ዶፓሚን ሆነው የሚሠሩ እንደ ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ያሉትም አሉ። እነዚህኞቹ ሲታዘዙ ቤተሰቡ ዓይኑን ይክፈት። አንዳንድ ጨዋ ሰው በእነሱ ምክንያት ቁማር ይጀምራል፣ ገንዘብ ይበትናል። ጠባይ ተበላሽቶ አይደለም፣ መድኃኒቱ ነው፣ ሲቆም ይተዋል። ሆኖም እነሱንም ቢሆን ቀስ በቀስ የሚቀንሳቸው ሐኪሙ ነው። ከዚህ የባሰ ደረጃ ላይ ለደረሱ ደግሞ መድኃኒቱን ቀንና ሌሊት ከቆዳ ሥር የሚያንጠባጥብ ፓምፕ አለ፣ አሜሪካ በ2024 ፈቅዳዋለች።

«ክኒኑ ሰውነታቸው ስለለመደው ነው፣ ቀድመው ባይጀምሩት ይሻል ነበር» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ወሬ ብዙ ሰው ያለ ጥቅም አሠቃይቷል። በኔዘርላንድስ 445 አዲስ ታማሚዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ሌቮዶፓን ወዲያው ጀመሩ፣ ግማሾቹ ከ40 ሳምንት በኋላ። በ80ኛው ሳምንት ልዩነት የላቸውም ነበር። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ከዚያ በፊት በጋና የተደረገ ጥናትም አለ። እዚያ ታማሚዎቹ ሌቮዶፓ የጀመሩት በአቅም ምክንያት ከጣሊያን ታማሚዎች ዘግይተው ነው። ግን መወራጨቱ የመጣባቸው በሽታው ከጀመረ ከተመሳሳይ ጊዜ በኋላ ነበር። ያዘገዩት ምንም አላተረፉም። ያተረፉት ተጨማሪ የድርቀት ዓመታት ነው።

ስለ መድኃኒት ሳለን አንድ ወጥመድ ልጥቀስ። አባትሽ አቅለሽልሿቸው አንድ ቦታ ቢሄዱ ሜቶክሎፕራማይድ ሊሰጣቸው ይችላል። ሆስፒታል ተኝተው ቢቃዡ ደግሞ ሃሎፔሪዶል። ሁለቱም ዶፓሚንን ይዘጋሉ። ለሌላ ሰው ተራ መድኃኒት ናቸው፣ ለፓርኪንሰን ታማሚ ግን ማድረቂያ። ስማቸውን ጽፈሽ ከመታወቂያቸው ጋር አስቀምጪላቸው። ስልክሽም ላይ ይኑር።

ወደ አጎትሽ እንምጣ። ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊያድግ የሚችል ሴል ነው። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። የሞተውን ሴል በአዲስ ሴል መተካት ሳይንቲስቶች ራሳቸው ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሚያሳድዱት ነገር ነው። ያኔ ከፅንስ የተወሰደ ሕዋስ አንጎል ውስጥ ተተከለ። የመጀመሪያዎቹ ወሬዎች አስደሳች ነበሩ። ከዚያ በ2001 አሜሪካ ውስጥ 40 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ለግማሾቹ ሴል ተተከለ። ለግማሾቹ የራስ ቅላቸው ተበስቶ ምንም ሳይገባ ተዘጋ። ማን ምን እንዳገኘ ታማሚው አያውቅም። ሙከራው ዋና ግቡን አልመታም። የተተከለላቸው አንዳንዶቹም በኋላ ያለ መድኃኒት መወራጨት ጀመሩ፣ የሚያቆመውም ጠፋ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በኋላ የወጣው ነው። ሴል ተተክሎልኛል ብለው ያመኑት፣ ምንም ያልተተከለላቸው እንኳ ቢሆኑ፣ ኑሯቸው እንደተሻሻለ ተናገሩ።

ይህ ማስመሰል አይደለም። በፓርኪንሰን ተስፋ ራሱ ዶፓሚን ያስወጣል። በ2001 ቫንኩቨር ውስጥ ታማሚዎች ባዶ መርፌ ሲሰጣቸው አንጎላቸው በእውን ዶፓሚን ሲለቅ በምስል ታየ። በ2015 ደግሞ ለ12 ታማሚዎች ሁለት መርፌ ተሰጠ። አንዱ 100 ዶላር፣ ሌላው 1500 ዶላር የሚያወጣ አዲስ መድኃኒት ነው ተባሉ። ሁለቱም የጨው ውሃ ነበሩ። ውድ የተባለው በተሻለ አንቀሳቀሳቸው። እንግዲህ ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ነጭ ለባሽ ከቦት የሚወጋ ሰው ለተወሰነ ጊዜ ቢሻለው ምን ይደንቃል? ክሊኒኩ ቪዲዮ የሚቀርጸው በዚያ ወቅት ነው። የዱቄቱንም ምስክሮች በዚህ ዓይን ተመልከቻቸው።

እውነተኛው የስቴም ሴል ሥራ የት ደረሰ? በሚያዝያ 2025 ሁለት ሙከራዎች በአንድ ቀን ታተሙ። አንዱ የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሰባት ሰው። ሌላው በአሜሪካና በካናዳ የተደረገ፣ 12 ሰው። ሴሎቹ ላቦራቶሪ ውስጥ ወደ ዶፓሚን አምራችነት እንዲያድጉ ተደርገው፣ በቀዶ ሕክምና አንጎል ውስጥ በተወሰነ ቦታ ተተከሉ። ዕጢ አልታየም፣ ሴሎቹም ዶፓሚን ሲሠሩ በምስል ታዩ። አንዳንዶቹ ተሻሽለዋል። ግን ሁለቱም በዋናነት ደኅንነትን ለመመርመር የተደረጉ ናቸው፣ የሚወዳደር ቡድን አልነበራቸውም። በ2001 የሆነውን ካሰብሽ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባሻል። የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ያለበት ትልቅ ሙከራ ቀጥሏል። እኔ በዚህ ተስፋ አለኝ።

የአጎትሽ ክሊኒክ የሚሰጠው ግን ይህን ነው ብዬ አላምንም። እንዲህ ያሉ ክሊኒኮች ብዙ ጊዜ ከሆድ ስብ ወይም ከመቅኒ ሴል ወስደው በደም ሥር ወይም በአከርካሪ ይወጋሉ። ከስብ የወጣ ሴል በደም ሥር ገብቶ የዶፓሚን ሴል ሆኖ በትክክለኛው የአንጎል ቦታ አይቀመጥም። አደጋውም በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አይደለም። የአንጎል ሕመም የነበረበት አንድ ልጅ ሞስኮ ውስጥ የፅንስ ሴል ተወግቶ ከአራት ዓመት በኋላ አንጎሉና አከርካሪው ላይ ዕጢ ተገኘበት። ዕጢው ከለጋሾች የመጣ እንደሆነ በምርመራ ተረጋገጠ፣ በ2009 ታተመ። በ2016 ደግሞ ከስትሮክ ለመዳን በሦስት አገሮች ሴል የተወጉ ሰው አከርካሪያቸው ውስጥ የሌላ ሰው ሕዋስ ሲያድግ ተገኘ። ለአጎትሽ አንድ መለያ ስጪው። እውነተኛ ሙከራ ታማሚውን አያስከፍልም። ከፍላችሁ ግቡ ካለ ሙከራ አይደለም፣ ሽያጭ ነው።

የተዋጣው ገንዘብ ካለ የሚውልበት የተሻለ ቦታ አለ። አንጎል ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድ አስገብቶ ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ማነቃቃት በ1987 ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ በአሊም ሉዊ ቤናቢድ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራ ነው። እንደ አባትሽ ላሉ፣ ክኒኑ ሲሠራ ጥሩ ሆነው በመሀል ለሚደርቁ ሰዎች ነው የሚስማማው። ክኒን ያላሻሻለውን ነገር ኤሌክትሮዱም በአብዛኛው አያሻሽለውም፣ መንቀጥቀጥ ሲቀር። የመርሳት ችግር የጀመራቸው ከሆነም አይመከርም። ቅል ሳይከፈት በአልትራሳውንድ ጨረር የሚሠራም አለ፣ ለመንቀጥቀጥ ጥሩ ነው። ያቃጠለው ቦታ ግን አይመለስም። አሁን ለአባትሽ የትኛውም አይቸኩልም። መጀመሪያ የክኒኑ ሰዓት ይስተካከል። እሱ ተስተካክሎም ካልበቃ ነው ለቀዶ ሕክምና ግምገማ የሚላኩት።

በሽታውን ራሱ የሚያቆም ነገር እስካሁን የለም። ብዙ ተሞክሯል። ኮኪውቴን የሚባለው ቪታሚን መሰል ነገር በ600 ሰው ተፈትኖ ወደቀ። ክሬቲን ከ1700 በሚበልጡ ሰዎች ተፈትኖ ወደቀ። የስኳር መድኃኒቶች አሁን ወሬያቸው ደምቋል። ሊክሲሴናታይድ የሚባለው በ2024 በ156 ሰዎች ላይ ትንሽ ተስፋ አሳየ። የቅርብ ዘመዱ ኤክሴናታይድ ግን በ2025 በሁለት ዓመት በሚጠጋ ሙከራ ምንም አላመጣም። ስለዚህ ማንም «ፓርኪንሰንን ከሥሩ ይነቅላል» ብሎ ጠርሙስ ቢያመጣላችሁ አመስግናችሁ ሸኙት።

አንድ ነገር ግን ከባህልም ከሳይንስም በኩል ያለ ጠብ የሚደገፍ አለ፣ እንቅስቃሴ። ታይ ቺ የሚባለው ጥንታዊ የቻይና እንቅስቃሴ በ2012 በ195 ታማሚዎች ላይ ተፈትኗል። በሳምንት ሁለት ቀን ለስድስት ወር ገደማ የሠሩት ሚዛናቸው ተሻለ፣ ሰውነት ከማፍታታት ብቻ ጋር ሲነጻጸርም መውደቃቸው ቀነሰ። በመሮጫ ማሽን ላይ ልብ በኃይል እስኪመታ በሳምንት ሦስት ቀን ገደማ መሥራትም በ2018 በ128 ሰዎች ጥሩ ምልክት አሳይቷል። ለአባትሽ ታይ ቺ ይሁን ፈጣን እርምጃ፣ የሚወዱትን ይምረጡ። ክኒኑ በሚሠራበት ሰዓት ይሁን። ያ የሦስት ቀን ወረቀት እዚህም ይጠቅማል። ከባዱን ከመጀመራቸው በፊት ልባቸው ይታይ። የሆድ ድርቀታቸውንም አትናቁት። አንጀት ሲዘጋ ክኒኑም ይዘገያል፣ ውሃና አትክልት መጨመር ብቻውን የክኒኑን ሥራ ሲያሻሽል ያየሁበት ጊዜ አለ።

ስለ ውርስ የጠየቅሽው። አብዛኛው ፓርኪንሰን ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚተላለፍ አይደለም። ኤልአርአርኬ2 እና ጂቢኤ1 የሚባሉ ጂኖች ላይ ያለ ለውጥ አደጋውን ከፍ ያደርጋል፣ ግን ለውጡ ያለባቸው ብዙዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ አይታመሙም። በ2023 ደግሞ ናይጄሪያውያንን ጨምሮ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ በተደረገ ትልቅ ጥናት፣ አውሮፓውያን ላይ ብቻ ሲመረመር ሳይታይ የቆየ የጂቢኤ1 ልዩነት ተገኝቷል። ለእናንተ በተግባር የሚለውጠው ነገር ግን ጥቂት ነው። አባትሽ በሽታው የታወቀባቸው በ63 ዓመታቸው አካባቢ ነው። በቤተሰቡ ሌላ ታማሚ ከሌለ እኔ ልጆቹን የጂን ምርመራ አላዝዝም። አክስት ወይም አያት ካለ፣ ወይም ከዘመድ መካከል ከ50 ዓመቱ በፊት የጀመረው ሰው ካለ ግን ለሐኪማቸው ንገሪው። ያኔ የሚመረመሩት መጀመሪያ አባትሽ ናቸው እንጂ አንቺ አይደለሽም።